«ሎኬሽን ላክልኝ» ካላችሁ በኋላ፦ የጎጃምን መድረሻ ከስልክ ወደ መኪናው ናቪጌሽን ማድረስ

አዲስ አበባ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ «አማኑኤል» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ካለችው ከተማ በፊት መርካቶ አካባቢ ያለው ሆስፒታል ቢመጣላችሁ አይድነቃችሁ። «ቡሬ» ስትሉ የጎጃሟም አለች፣ የኢሉባቦሯም አለች። «አዴት» ስትሉ አንዷ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ሌላዋ ትግራይ ውስጥ ናት። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ኪዳነ ምሕረት ብላችሁ ደብር በስሙ ከፈለጋችሁማ አገሩን ሁሉ ይዘረዝርላችኋል። በዚያ ላይ አንዱ ከተማ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። ስልኩ ተቀራራቢውን ይገምታል፤ የመኪናው ናቪጌሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ከተለየበት አላገኘሁም ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ነጥቡን ያዙ። ነጥብ ማለት ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ከግሪኒች ወደ ምሥራቅ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይናገራል። ስም በቋንቋውም በፊደሉም በካርታው ዕድሜም ይለዋወጣል። ቁጥሩ ግን በጎግል ማፕም፣ በቶዮታ ናቪጌሽንም፣ ለብቻው በሚሸጠው የናቪጌሽን መሣሪያ በጋርሚንም ያው ነው። ሥራው ሁሉ ይህ ነጥብ ሳይበላሽ ከላኪው ደጃፍ መኪናው ስክሪን ላይ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ነጥቡ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከምንጩ ነው

ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ያለ ዘመድ ሠርግ ጠርቷችኋል እንበል። «ሎኬሽን ላክልን» ስትሉት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቶሎ ጠቅ አድርጎ ይልክላችኋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ስልክ ሳተላይቶቹን በደንብ ስለማያይ በአካባቢው ባለ የኔትወርክ ማማ ይገምታል፤ ግምቱም በመቶዎች ሜትር፣ ገጠር ላይ ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። መኪና ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ማለት ወንዝ ማዶ መቅረት ነው። ለዘመዳችሁ የሚከተለውን ንገሩት።

ከቤት ይውጣ፤ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ይቁም። የስልኩን ሎኬሽን ያብራና ካርታውን ይክፈት። በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ያለው ቀለል ያለ ክብ የስህተቱ ስፋት ነው። ክቡ ሰፊ ከሆነ ስልኩ ገና እየገመተ ነው፤ ጠብቦ ነጥቧን ሊነካ እስኪቀርብ ይጠብቅ። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ጥሩ ስልክ 5 ሜትር አካባቢ ድረስ ይጠራል። ጂፒኤስ ሲም ካርድም ዳታም አይፈልግም፤ ስልኩ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ አይልክም። ዳታ ሲኖር ግን ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ቀድሞ ስለሚነገረው በሰከንዶች ይይዛል። ዳታ ከሌለና ስልኩ ለቀናት ካርታ ካልከፈተ የመጀመሪያው መያዝ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ተበላሽቷል ብሎ ከመዝጋት አንድ ቦታ ቆሞ መጠበቅ ይበጃል።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ ከሆነ የወረቀት መያዣ ምልክቷን፣ ቀጥሎም «ሎኬሽን» የሚለውን ይጫን። «ላይቭ ሎኬሽን» የሚለውን እንዳይመርጥ ንገሩት፤ እሱ ሰውየው ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚንቀሳቀስ ነው፤ እንደ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ያለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጊዜው ሲያልቅም ይቋረጣል። ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ሐሙስ የተላከ ላይቭ ሎኬሽን ለእንግዳ አይጠቅምም። የአሁኑን ቦታ፣ ቋሚውን ይላክ።

ጎግል ማፕ ላይ ከሆነ ጣቱን ካርታው ላይ የቤቱ በር ባለበት አሳርፎ ትንሽ ያቆይ። ቀይ ፒን ይተከላል፤ ሁለቱም ቁጥሮች እንደ ስልኩ ዓይነት ወይ ላይ በፍለጋ ሳጥኑ ወይ ታች በዝርዝሩ ይታያሉ። ነካ ሲያደርጋቸው ይገለበጣሉ። እኛ አጥብቀን የምንመክረው እነዚህን ቁጥሮች በኤስኤምኤስም ደግሞ መላክ ነው። ጎግል ማፕ የሚሰጠው አጭር ሊንክ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፤ ኤስኤምኤስ ግን ዳታ ባይኖርም ይገባል፤ ቁጥሩም መንገድ ላይ ሳላችሁ እጃችሁ ላይ ይቆያል።

ፒኑ የሚተከለው መኪና ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ ነው እንጂ በምታዩት ነገር ላይ አይደለም። ጢስ ዓባይን ውሰዱ። ፏፏቴው ራሱ ላይ ፒን ብትተክሉ ናቪጌሽኑ የሚወስዳችሁ ወደ ፏፏቴው ሳይሆን ለፒኑ በቀጥታ መስመር ወደሚቀርበው፣ እሱ ወደሚያውቀው መንገድ ነው። ያ መንገድ ወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ አይገደውም። ፒናችሁን ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ፣ መኪና በሚቆምበት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። የጣና ደሴት ገዳማትም እንዲሁ ናቸው፤ ፒኑ የሚተከለው ጀልባ በሚነሳበት ዳር ነው። ለገጠር ቤትም ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው ቦታ ላይ አንድ፣ ቤቱ ላይ ሌላ ሁለተኛ ነጥብ ማስላክ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ማንበብ

ባሕር ዳር በግምት 11.5936, 37.3908 ላይ ናት። ጎጃም ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ከሞላ ጎደል በ10 ወይም በ11፣ ሁለተኛው በ36፣ በ37 ወይም በ38 ይጀምራል። የተላከላችሁ ነጥብ ከዚህ ከራቀ ገና ሳትነሱ ጠይቁ።

ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ፣ ማለትም 37 መጀመሪያ ከገባ፣ የባሕር ዳሩ ነጥብ የሚያርፈው ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል ነው። መኪናው ያኔ መንገድ የለም ይላል፤ ብዙዎች ግን ናቪጌሽኑ ተበላሸ ብለው ይተዉታል።

ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞች ዋጋ አላቸው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ብቻ ካለ ስህተቱ መቶ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አራት ካለ አሥር ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ካለ አንድ ሜትር። ስለዚህ አራት በቂ ነው፣ አምስት ይሻላል። ከዚያ በላይ ያለው ጂፒኤሱ ራሱ ስለማይለካው ትርፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የአጻጻፍ ልዩነት የሚያመጣው ነው። ስልክ የሚሰጣችሁ በአሥርዮሽ የተጻፈ ዲግሪ ሲሆን፣ ብዙ የመኪና ናቪጌሽኖች የሚጠይቁት ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ ተብሎ የተከፋፈለ ነው። የባሕር ዳሩን አብረን እንቀይረው። ከ11.5936 ላይ 11ዱ ዲግሪው ነው። የቀረውን 0.5936 በ60 አባዙት፤ 35.616 ይመጣል። 35ቱ ደቂቃው ነው። የቀረውን 0.616 እንደገና በ60 አባዙ፤ 36.96 ይሆናል፤ 37 ሰከንድ በሉት። 11 ዲግሪ፣ 35 ደቂቃ፣ 37 ሰከንድ ሰሜን። በተመሳሳይ 37.3908 ስንቀይረው 37 ዲግሪ፣ 23 ደቂቃ፣ 27 ሰከንድ ምሥራቅ ይሆናል። አንድ ሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማጠጋጋቱ ብዙ አይጎዳም።

ይህን ሳትቀይሩ 11.5936ን እንዳለ «11 ዲግሪ፣ 59 ደቂቃ፣ 36 ሰከንድ»፣ ሌላውንም «37 ዲግሪ፣ 39 ደቂቃ፣ 08 ሰከንድ» ብላችሁ ብትሞሉ መኪናው ምንም ሳይጠራጠር ይቀበላችኋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስቶ፣ ጣናን ዞሮ ወረታ አካባቢ ይመራችኋል። ይህ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የተለዋወጠው ቁጥር ባሕር ላይ ስለሚወድቅ ይታወቃል፣ ይህ ግን እውነተኛ መንገድ ያለው እውነተኛ ቦታ ነው።

አንዳንድ ሰው ፕላስ ኮድ ይልካል፤ የመደመር ምልክት ያለበት አጭር የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። ጎግል ማፕ ላይ ይሠራል፤ ከፋብሪካ የመጣ የመኪና ናቪጌሽን ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ስልካችሁ ላይ ክፈቱትና ቁጥሩን ከዚያ ውሰዱ። በእጅ ከተጻፈ ወረቀት የምትገለብጡ ከሆነ ዜሮና አንድ በፕላስ ኮድ ውስጥ እንደሌሉ አስታውሱ፤ ካያችሁ የሆነ ሰው አሳስቶ ጽፏል።

መኪናችሁ ምን ዓይነት ስክሪን አለው?

መላኪያው መንገድ የሚወሰነው በዚህ ነው። መልሱን ሳያውቁ አፕ ማውረድ ዳታ ማባከን ነው።

ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የገባ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከነመጀመሪያው ስክሪኑ ከሆነ፣ ካርታው የጃፓን ብቻ ነው፤ ጽሑፉም በጃፓንኛ ነው። ወደዚህ ስክሪን የሚላክ ነገር የለም። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አውጥተው በአንድሮይድ ስክሪን ይተኩታል፤ እኛም ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አናውቅም።

ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስክሪናቸው ትልቅና ያማረ ነው፤ የፋብሪካ ካርታቸው ግን የቻይና ነው። ከአምራቹ አፕ ላይ «ወደ መኪናው ላክ» የሚለውም የተሠራው ለዚያ አገር ሲምና አካውንት ነው። አንዳንዶቹ የስልኩን ካርታ መኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ካርፕሌይ (ለአይፎን) ወይም አንድሮይድ አውቶ (ለአንድሮይድ ስልክ) አላቸው፤ አንዳንዶቹ በፍላሽ አፕ መጫን ይፈቅዳሉ፤ ሁለቱንም የማይፈቅዱም አሉ። መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ሞክሩት፤ ሻጩ በቃል የሚነግራችሁ አይበቃም።

የቶዮታ፣ የሃዩንዳይ፣ የኪያ፣ የቢኤምደብሊው፣ የመርሴዲስና የቴስላ አፖች በሌላ አገር መድረሻን ከስልክ በቀጥታ ወደ መኪናው ይልካሉ። አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፦ መኪናውን በሻንሲ ቁጥሩ አፑ ላይ ታስመዘግባላችሁ፣ ካርታው ላይ ቦታውን ትመርጣላችሁ፣ «ሼር» ብላችሁ አፑን ትነኩታላችሁ፤ መልእክቱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ሄዶ መኪናው ውስጥ ባለው ሲም ይወርዳል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመኪናው ሲም እዚህ አገር ኔትወርክ ካልያዘ፣ ወይም አገልግሎቱ ለመጣበት አገር ብቻ ከሆነ፣ አፑ «ተልኳል» ይላል፣ መኪናው ግን ምንም አይደርሰውም። ይህን ካያችሁ አፑን ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ወደሚቀጥለው ዘዴ እለፉ።

አንድሮይድ አውቶና ካርፕሌይ፦ አስተማማኙ መንገድ

በዚህ ዘዴ የሚላክ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካርታውም ጂፒኤሱም መንገዱም ስልኩ ውስጥ ናቸው፤ የመኪናው ስክሪን መስኮት ብቻ ነው። ለጎጃም መንገድ ከሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ከመኪናው ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የታደሰ ነው።

ኬብሉ ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፤ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ስክሪኑ ምንም ካላሳየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። አንድ ሜትር የማይበልጥ ይሁን። መኪናው ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው አንዱ ለቻርጅ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ሞክሩ። የስልኩን ቀዳዳ በብርሃን እዩት፤ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ኬብሉ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲነጥር ግንኙነቱ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ መርፌ አትጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ መኪናው ቆሞ፣ ስልኩ ሎኩ ተከፍቶ ይሁን። የሚጠይቃችሁን ፈቃዶች በሙሉ ፍቀዱ፤ አንዱን ከከለከላችሁ ካርታው ይከፈትና «ቦታዎን አላውቅም» ይላል። አይፎን ላይ የድምፅ ረዳቷ ሲሪ ካልበራች ካርፕሌይ አይሠራም። አንድሮይድ አውቶን በገመድ አልባ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ያለው ስልክ ያስፈልጋል፤ ብሉቱዙና ዋይፋዩ ሁለቱም መብራት አለባቸው። ብሉቱዙ የሚያስተዋውቅ ነው እንጂ ካርታውን የሚያመጣው ዋይፋዩ ነው።

አሁን መድረሻውን ስጡት። ኬብሉን ከመሰካታችሁ በፊት ኤስኤምኤሱ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጡ፣ ጎግል ማፕ ፍለጋ ላይ ለጥፉ፣ የወጣውን ፒን አጉልታችሁ እዩና ጉዞውን ጀምሩ። ከዚያ ስትሰኩት ያው ጉዞ ስክሪኑ ላይ ይቀጥላል። ሲለጠፍ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ኮማ ይኑር፤ በቁጥሩ ውስጥ ያለችው ነጥብ ደግሞ ኮማ እንዳትሆን። በቴሌግራም የመጣ ፒን ከሆነ ነክታችሁ ክፈቱት፣ በካርታ አፕ ይከፈት ሲላችሁ የምትጠቀሙበትን ምረጡ። ቦታውን ስም ሰጥታችሁ «ሴቭ» አድርጉት፤ በመመለሻም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያደናግራል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰለ የካርታ አፕ ከጓደኛ ስልክ በዜንደር (በፋይል መላላኪያው አፕ) ወይም በቴሌግራም ፋይል ተቀብላችሁ ከጫናችሁት፣ ስልኩ ላይ በትክክል እየሠራ አንድሮይድ አውቶ ላይ አይታይም። አንድሮይድ አውቶ ከፕሌይ ስቶር ያልወረደ አፕን ይደብቃል። መፍትሔው አጥፍቶ ከፕሌይ ስቶር መጫን ነው።

የአንድሮይድ ስክሪን ከተገጠመ

በየሱቁ የሚሸጡት 7፣ 9 ወይም 10 ኢንች ስክሪኖች ራሳቸውን የቻሉ ታብሌቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ካርፕሌይንና አንድሮይድ አውቶን የሚያስከፍት ዚሊንክ የሚባል አፕ ስላላቸው ስልኩን ሰክታችሁ ከላይ እንዳየነው መጠቀም ትችላላችሁ። ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ስልኩ ላይ ባለው የጎግል አካውንት ስክሪኑም ላይ መግባት ነው፤ ስልክ ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት ቦታ ስክሪኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመጣል። መኪናው የብዙ ሰው ከሆነ ግን ለዚህ የሚሆን ሌላ አካውንት ክፈቱ፤ የግል ኢሜላችሁን ጋራዥ ውስጥ ለሚያድር ስክሪን አትስጡ። ሁለተኛው ፍላሽ ነው፦ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ያስቀመጣችኋቸውን ነጥቦች እንደ ፋይል አውጥታችሁ፣ በፍላሽ ወስዳችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ባለው ያው አፕ ትከፍቷቸዋላችሁ። ለቀናት የሚዞር ሰው፣ ለምሳሌ ከደብረ ኤልያስ እስከ መርጡለ ማርያም ሃያ ቦታ የሚጎበኝ፣ ሃያውንም ነጥብ በአንድ ፋይል ያስገባል።

ስክሪኑ ከስልኩ ሆትስፖት ጋር አልገናኝ ካለ የሆትስፖቱን ባንድ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ብዙ ርካሽ ስክሪኖች 5ቱን አያዩም። አይፎን ላይ ሆትስፖት ውስጥ ያለውን «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» አብሩት።

ተገናኝቶም ካርታው ካልከፈተ ሰዓቱን እዩ። የስክሪኑን ዓመት በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው አለ። ስክሪኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሆን የድረ ገጾቹ የደኅንነት ሰርተፊኬት «ገና ያልተጀመረ» ስለሚመስለው ግንኙነቱን ይከለክላል፤ ኢንተርኔት የለም የሚል ይመስላችኋል። ዓመቱን በአውሮፓውያን አድርጉ፤ ሰዓቱንም ራሱ እንዲያስተካክል ተዉት። ከዚያ «15:40 ትደርሳላችሁ» ካላችሁ በእኛ 9:40 ነው።

አሁን ወደ አንቴናው። ከስክሪኑ ጋር ከሳጥኑ የምትወጣው የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ካሬ፣ ከሥሯ ማግኔት ያላት፣ ረዥም ቀጭን ገመድ የተቀጠለባት፣ ጂፒኤሱ እሷ ናት። ገጣሚው ቸኩሎ ከስክሪኑ ጀርባ ከብረቱ ጋር ጠቅልሎ ይተዋታል፤ አንዳንዴም ጫፏን ሳያጠብቅ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መኪናው ቆሞ ሳለ ቀስቷ ትዞራለች፣ ስትነዱ ደግሞ ከመንገዱ ወጥታ እርሻ ውስጥ ትሄዳለች፣ ወይም መቶ ሜትር ወደ ኋላ ትቀራለች። ስክሪኑን አስወጡ፤ ጠመዝማዛ ጫፏን በጣት እስክትጠብቅ አጥብቁ፤ ካሬዋን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በታች፣ ማግኔቷ ወደ ታች ሆኖ ፊቷ ወደ ሰማይ እንዲያይ አስቀምጡ። ፕላስቲክ ሲግናል ያሳልፋል፤ ብረት አያሳልፍም፤ ብረት ቅልቅል ያለበት የመስታወት ፊልምም እንዲሁ። ከዚያ የጂፒኤስ መፈተሻ አፕ ክፈቱ። ቦታ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ካልታየ አንቴናው ገና አልተስተካከለም።

የፋብሪካ ናቪጌሽንና ጋርሚን

ካርታው ኢትዮጵያን የሚያካትት የፋብሪካ ናቪጌሽን ካላችሁ፣ መድረሻ በሚለው ሜኑ ውስጥ «ኮኦርዲኔት» የሚል ፈልጉ። ቁጥሩን ቀይራችሁ በእጅ አስገቡ። ጽሑፉ ደብዝዞ አልነካ ካለ መኪናው እየሄደ ስለሆነ ነው፤ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ሰሜንና ምሥራቅ መመረጣቸውን እዩ፤ ከምድር ወገብ በታች ካለ አገር የመጣ መኪና ደቡብ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጋርሚን ለያዘ ደግሞ የአምራቹ የስልክ አፕ በብሉቱዝ ነጥቡን ይልካል፤ ሜኑው ላይም ኮኦርዲኔት አለ፤ የአጻጻፉን ዓይነት ከሴቲንጉ ወደ አሥርዮሽ ዲግሪ ብትቀይሩት ከማባዛቱ ትገላገላላችሁ።

መድረሻው ተላከ፣ መንገዱ ግን አልተላከም

ስልክ ላይ ያያችሁት ሰማያዊ መስመር ከነጥቡ ጋር አብሮ ወደ መኪናው ናቪጌሽን አይሄድም። መኪናው የሚቀበለው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ መንገዱን በራሱ ካርታ እንደገና ያሰላል። ጎጃም ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ደጀን ላይ ዓባይን ወጥታችሁ ሁለት ምርጫ አለ፦ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ ይዞራል፤ ሌላው በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት ይሄዳል፤ በርቀት የሞጣው ያጥራል። መኪናው አጭሩን ይመርጥና ደብረ ማርቆስ ሰው የምታወርዱ እናንተን ወደ ቢቸና ይጠመዝዛችኋል። መፍትሔው መድረሻ ላይ ማቆሚያ መጨመር ነው፤ ደብረ ማርቆስን ወይም ቡሬን መካከል ላይ አስገቡ። ማቆሚያ የማይቀበል ናቪጌሽን ከሆነ ጉዞውን ከፋፍሉት፤ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስን ብቻ ላኩ፣ እዚያ ስትደርሱ ቀጣዩን።

የካርታው ዕድሜም እዚሁ ላይ ይታያል። ባሕር ዳር ላይ አዲሱ 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ካርታ ያለው መኪና ድልድዩ ላይ ስትወጡ ቀስቷን ውሃው ላይ ያሳያችኋል፤ «ተመለሱ» ሊላችሁም ይችላል። አትመለሱ። ማዶ ስትደርሱ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን በዋይፋይ አውርዱ። ጎግል ማፕ ላይ ሳጥኑን ከጎሃ ጽዮን ደቡብ አንስታችሁ እስከ ጣና ሰሜን ዘርጉት፤ የወረደው ካርታ ጊዜው ስለሚያልፍ ከጉዞው ዋዜማ አድሱት። ኦርጋኒክ ማፕስ አገሩን በሙሉ ያወርዳል፤ የገጠር ፒስታ መንገዶችም ብዙ ጊዜ በተሻለ ይታዩበታል። ካርታው ከወረደ የዓባይ በረሃን ስትወርዱና ስትወጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ቀስቷ አትቆምም። የሚጠፋው የትራፊክ መረጃው ነው፤ ፍለጋም በወረደው ካርታ ውስጥ ባለው ብቻ ይወሰናል። በረሃው ላይ ገደሉ ሰማዩን ስለሚሸፍን ቀስቷ አልፎ አልፎ ከላይኛው ጠመዝማዛ ወደ ታችኛው ልትዘል ትችላለች፤ ያን ጊዜ ስክሪኑን ተዉት፣ መንገዱ አንድ ነው፣ ዓይናችሁ ፍሬናችሁና ከፊት ያለው ከባድ መኪና ላይ ይሁን። ፒስታ ላይ ደግሞ ናቪጌሽኑ የሚገምተውን ሰዓት አትመኑ፤ ክረምት ከሆነ እጥፍ አድርጉት፤ መንገዱ መኖሩን እንጂ ጭቃውን አያውቅም።

ሞተሩን አስነስታችሁ ገና ደጃችሁ ሳላችሁ የመጨረሻዋን ፍተሻ አድርጉ፦ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጠቅላላ ርቀት ከምታውቁት ጋር አመሳክሩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 350 ካለ ወይም ነጥቡ ስቷል ወይም መንገዱ ዞሯል፤ ካርታውን አጥብባችሁ ሙሉውን መስመር እዩ። ስትቃረቡም መስመሩ ወደ ነጠብጣብ ከተለወጠ የመኪናው ካርታ የሚያውቀው መንገድ እዚያ አልቋል ማለት ነው። ቁሙ፣ ለጠራችሁ ሰው ደውሉ፣ መንገድ ዳር ወጥቶ ይቀበላችሁ፤ ለሚቀጥለው እንግዳ የሚሆነውን ነጥብ ደግሞ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ ሴቭ አድርጉት።